የድምፅ ማኅደር በጅቡቲ ወደብ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ድሬዳዋንና ደወሌን እያቋረጠ ወደ ምሥራቅ የሚዘልቀው የባቡር ሐዲድ የሚያበቃው በጅቡቲ፣ በባሕር ዳርቻ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ከውጭ ከምታስገባውና ወደ ውጭ ከምትልከው ሸቀጥ ከ90 ከመቶ በላይ የሚሆነው በዚህ በር ያልፋል። ወደቡ ግን የስንዴና የማዳበሪያ፣ የነዳጅና የተሽከርካሪ ብቻ መተላለፊያ አይደለም። ከእስያ ወደ አውሮፓ በባሕር ወለል ላይ ተዘርግተው የሚሄዱ የመገናኛ ገመዶችም በዚሁ ከተማ ጫፋቸውን ወደ የብስ ያወጣሉ። ስለዚህ መርከብ በሚራገፍበት ዳርቻ አጠገብ ድምፅ፣ ምስልና ጽሑፍም ሌሊትና ቀን ሲመላለስ ይውላል።

የሚያልፈው እንዲህ ብዙ ቢሆንም ተጠብቆ የሚቀመጥም አለ። የጅቡቲ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት በሱማልኛ፣ በአፋርኛ፣ በዓረብኛና በፈረንሳይኛ የሚያሰራጭ ተቋም ሲሆን፣ ከ5,000 በላይ የሚሆኑ የድምፅ ጥቅሎች የሚገኙበት ማኅደር አለው። ማኅደሩ በአያያዙ በአፍሪካ ቀንድ ከሚመሰገኑት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ኦስቲናቶ የተባለ የሙዚቃ አሳታሚ ወደዚህ ክፍል እንዲገባ ተፈቀደለት። ከዚህም የተነሣ በ2020 የሬዲዮው ባንድ ሥራ፣ በ2021 ደግሞ «4 ማርስ» የተባለው ባንድ ቀድሞ የቀረጻቸው ዘፈኖች ከሀገሩ ወሰን አልፈው ተሰሙ። ለዐሥርት ዓመታት በመደርደሪያ ላይ የቆየው ድምፅ ሊሰማ የቻለው፣ ጥቅሎቹን በየተራቸው የሚያስቀምጥና የክፍሉን ሙቀት የሚቈጣጠር ሰው ስለነበረ ነው።

ከጅቡቲ ብዙም በማትርቀው በሐርጌሳ የሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 የዚያድ ባሬ መንግሥት ከተማይቱን በአውሮፕላን በደበደበ ጊዜ የሬዲዮ ጣቢያው ማኅደር ሊጠፋ ተቃረበ። የጣቢያው ሠራተኞችና የሙዚቃ ወዳጆች ካሴቶቹንና ጥቅሎቹን ተከፋፈሏቸው፤ ከፊሉን ከመሬት በታች ቀበሩ፤ ከፊሉንም ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ አሻገሩ። ዛሬ በሐርጌሳ በሚገኘው የቀይ ባሕር የባህል ድርጅት ውስጥ ከ10,000 በላይ ካሴቶች ተሰብስበው ይገኛሉ። እነዚያ ሰዎች ኮምፒዩተር አልነበራቸውም፤ ዳሩ ግን የማኅደር ባለሙያዎች ዋና ደንብ የሚያደርጉትን ነገር አስቀድመው ፈጽመውታል። አንድን ነገር በአንድ ቤት ብቻ አላስቀመጡም።

ይኸው ሐሳብ በኢትዮጵያም ተሠርቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1973 በአዲስ አበባ የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በየገዳማቱና በየአድባራቱ የነበሩትን መጻሕፍት እያነሣ አንዱን ቅጂ በሀገር ውስጥ አስቀመጠ፤ ሌላውን በአሜሪካ በሚኒሶታ ወደሚገኝ የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ላከ። በሁለት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሡ። ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ እነዚህን ፊልሞች እየመረመሩ ያዘጋጁት ዝርዝር ዛሬም የግዕዝ ተመራማሪዎች መመሪያ ነው።

የሬዲዮ ጣቢያና የገዳም ማኅደር ባለሙያ አለው። የግለሰብ ቤት ማኅደር ግን ማን አለው? ለዚህ አንድ ቤተሰብ በምሳሌነት ይታሰብ።

አባት በተለምዶ «ሸመንደፈር» ይባል በነበረው በቀድሞው የምድር ባቡር መካኒክ ነበር። ከድሬዳዋ ተዛውሮ በጅቡቲ ቤት መሠረተ። እናቱ ማንበብ ስለማይችሉ ደብዳቤ በመጻፍ ፈንታ ድምፁን በካሴት እየቀረጸ በባቡር ይልክላቸው ነበር። እርሳቸውም ጎረቤት ሰብስበው ያደምጡና በዚያው ዓይነት ካሴት ምላሽ ይልኩ ነበር። አባት ካረፈ በኋላ የተረፉት 40 ካሴቶች በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተጠራቅመው ከባልቤቱ አልጋ ሥር ተቀመጡ።

የጅቡቲ በጋ የሙቀት መጠን ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል፤ ነፋሱም አቧራ ይዞ ይመጣል፤ ከባሕሩ የሚነሣው እርጥበት ደግሞ ጨው ያዘለ ነው። የካሴት ክር ማለት በስስ ፕላስቲክ ላይ በሙጫ የተለበጠ የብረት ዝገት ዱቄት ነው። ሙቀትና እርጥበት ሲበዙበት ሙጫው ይላላል፤ ክሩ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ በማጫወቻው ላይ ሲያልፍም ዱቄቱን እያራገፈ ይሄዳል። ከዱቄቱ ጋር ድምፁም ይረግፋል። የበኵር ልጁ ይህን የተገነዘበው አንዱን ካሴት ከፍቶ አባቱ ከውኃ ሥር የሚናገር መስሎ በተሰማው ዕለት ነው። ልጁ በወደቡ የትራንዚተር ቢሮ ሠራተኛ ሲሆን፣ ማታ ማታ ኮምፒዩተር የተማረ ነበር።

በመጀመሪያ ካሴቶቹን ወደ ፋይል መለወጥ ነበረበት። ይህ ሥራ በጥድፊያ የማይሠራ ነው፤ የአንድ ሰዓት ካሴት አንድ ሰዓት ይፈጃል። ልጁ የማጫወቻውን ራስ በአልኮል በራሰ ጥጥ ጠረገ፤ እያንዳንዱን ካሴት እስከ መጨረሻው አጠንጥኖ መልሶ አዞረ፤ ከዚያም ቀረጸ። በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየተለካ፣ በ16 ቢት በሁለት መሥመር የሚቀረጽ ድምፅ በሰዓት 635 ሜጋባይት ያህል ቦታ ይይዛል። ስለሆነም 40 ሰዓት ማለት ከ26 ጊጋባይት የማይበልጥ ነው። የማኅደር ባለሙያዎች ከዚህ ላቅ ያለ፣ በሰከንድ 96,000 ጊዜ የሚለካ የ24 ቢት ቅጂ ይመርጣሉ፤ እርሱም በሰዓት ሁለት ጊጋባይት ያህል ይሆናል። ለአንድ ቤተሰብ ንግግር ግን የፊተኛው ይበቃል።

እናትየው ሥራውን አጠገቡ ተቀምጠው ይመለከቱ ነበር።

«አባትህ ሞተር ሲፈታ ብሎኑን ሁሉ በጨርቅ ላይ በተራ ይደረድር ነበር» አሉት። «አንተ ግን የትኛው የቱ እንደሆነ በምን ታውቀዋለህ?»

«ሁሉም ቁጥር አለው፣ እማዬ።»

«ቁጥር ምን ያደርጋል? ዓመተ ምሕረቱንና ያለበትን ነገር ጻፍበት እንጂ።»

ልጁ ምክራቸውን ተቀብሎ ለእያንዳንዱ ፋይል ዓመቱን፣ የላኪውንና የተቀባዩን ስም፣ የነገሩንም ፍሬ በአጭሩ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ያጋጠመውን ነገር ለመወጣት ከገዛው መሣሪያ ሁሉ ይልቅ የጠቀመው ይህ ጽሑፍ ነው።

ፋይሎቹ እንዲቀመጡበት ሁለት ዲስኮች የሚገቡበት አንድ አነስተኛ ማሽን ገዛ። ይህ ማሽን የራሱ መስኮትና የፊደል ገበታ የሌለው፣ በቤቱ መሥመር ላይ ተያይዞ ለሌሎች ኮምፒዩተሮችና ስልኮች ሁሉ እንደ የጋራ ጎተራ የሚያገለግል ነው። የእንግሊዝኛ ስሙ በምኅጻር ሲነበብ «ናስ» ይባላል፤ ጽዋና ደወል ከሚሠራበት ናስ ጋር ግን ዝምድና የለውም። ማሽኑ ከወጥ ቤቱ ርቆ ነፋስ በሚያገኝበት መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፤ መብራት ቢጠፋ በሥርዓት እስኪዘጋ ድረስ የሚያቆየው የባትሪ መጠባበቂያም ተደረገለት። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ኀይል ከኢትዮጵያ በሚመጣ መሥመር ታገኛለች፤ በበጋ ግን ቀዝቃዛ አየር ሰጪው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲሠራ መብራት መቋረጡ አይቀርም። ዲስክ በመጻፍ ላይ ሳለ ድንገት ቢጠፋ የሚጻፈው ነገር ሊበላሽ ይችላል።

ጎተራ ብቻውን አያጫውትም። እህል ከጎተራ አውጥቶ እንደሚያቀርብ መጋቢ፣ ፋይሉን አውጥቶ በቴሌቪዥን ወይም በስልክ የሚያሰማ ሶፍትዌር ያስፈልጋል። ልጁ የመረጠው ጄሊፊን የተባለውን ነው። ይህ ሶፍትዌር በነፃ የሚታደል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ኤምቢ የተባለው ሶፍትዌር የውስጥ አሠራሩን ለሕዝብ መግለጡን ባቆመ ጊዜ፣ በዚህ ያልተስማሙ በጎ ፈቃደኞች የቀድሞውን ቅጂ ይዘው የቀጠሉበት ነው። ልጁ በማሽኑ ላይ ዴቢያን የተባለውን ሥርዓት ጫነ፤ አሳደሰው፤ ከዚያም ጄሊፊንን ከሠሪዎቹ ማከፋፈያ አወረደ። ካልታወቀ ቦታ የተገኘ ቅጂ መጫን ከማይታወቅ ሰው የቤት ቁልፍ እንደ መቀበል ነው።

ቀጥሎ አገልጋዩ የድምፅ ፋይሎቹን ማንበብ ብቻ እንጂ መለወጥም ሆነ መሰረዝ እንዳይችል ወሰነው። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። አገልጋዩ ቢሳሳት ወይም በባዕድ እጅ ቢገባ፣ ፈቃዱ ማንበብ ብቻ ከሆነ የሚያደርሰው ጉዳት የተወሰነ ይሆናል።

በመጨረሻም ከስልኩ ላይ የማሽኑን አድራሻ ጽፎ ከበስተኋላው 8096 የሚል ቁጥር ጨመረበት። አንድ ኮምፒዩተር እስከ 65,535 የሚደርሱ እንዲህ ያሉ ቁጥሮች አሉት፤ እያንዳንዱ አገልግሎት በተመደበለት ቁጥር ይገባል፣ ይወጣል። እንግሊዝኛው እነዚህን ቁጥሮች የሚጠራቸው መርከብ በሚያርፍበት ስፍራ ስም ነው፤ በአማርኛም ወደብ ቢባሉ ያምርባቸዋል። ትራንዚተሩ ጉምሩክ የሌለው ወደብ ምን እንደሚመስል ያውቃልና፣ ይህንን ወደብ ለቤቱ ሰዎች ብቻ እንጂ ለውጭው ዓለም አልከፈተም።

ሶፍትዌሩ የዘፋኝን ስምና ፎቶግራፍ ከኢንተርኔት ፈልጎ የሚለጥፍበት ልማድ አለው። ለታተመ ሙዚቃ ይህ መልካም ነው። በመጀመሪያው ማታ ግን የአባትየውን ደብዳቤ በአንድ የባዕድ ሀገር ዘፋኝ ምስል አስጊጦ ስላቀረበው ቤተሰቡ ሁሉ ሳቀ። ልጁ ለዚያ መዝገብ ፍለጋውን አጠፋ፤ በምስሉም ቦታ አባቱ በባቡር ጋራዥ ውስጥ የተነሣውን ፎቶግራፍ አኖረ።

የማሽኑ ሁለት ዲስኮች እርስ በርሳቸው እንደ መስተዋት ነበሩ፤ በአንዱ የተጻፈው ወዲያውኑ በሌላው ይጻፋል። ልጁም «አንዱ ቢሞት ሌላው አለ» ብሎ ተማመነ። ይህ እምነት ግማሽ እውነት ነው። መስተዋቱ ከዲስክ መሞት ያድናል፤ ከሰው ስሕተት ግን አያድንም። በመስተዋት ፊት የቆመ ሰው ፊቱን ቢያቆሽሽ በመስተዋቱ ውስጥ ያለውም ይቆሽሻል።

ከዚህ ሌላ ልጁ በየሌሊቱ ከማሽኑ ወደ አንድ ተንቀሳቃሽ ዲስክ የሚገለብጥ ትእዛዝ አዘጋጅቶ ነበር። ትእዛዙ ሁለቱን ፍጹም አንድ የሚያደርግ ነበርና፣ ከማሽኑ የጠፋውን ከተንቀሳቃሹም ይሰርዛል። ዲስኩም ሁልጊዜ ተሰክቶ ይኖር ነበር። ሦስተኛ ቅጂ ደግሞ በድሬዳዋ አክስቱ ቤት ነበር፤ ዘመድ በባቡር ሲሄድ በጨርቅ ጠቅልሎ የላከው ዲስክ ነው። አክስቲቱም «የወንድሜ ድምፅ ነው» ብለው ከሣጥናቸው ውስጥ ከነጠላቸው ጋር አኖሩት።

አንድ ዓርብ ማታ ታናሽ ወንድሙ የእግር ኳስ ጨዋታ የሚያስቀምጥበት ቦታ አጣና፣ ሁለት ጊዜ የተገለበጠ የመሰለውን አንድ መዝገብ ሰረዘ። መዝገቡ ግን ድጋሚ ቅጂ አልነበረም። መስተዋቱ ታዘዘ፤ ሁለቱም ዲስኮች ባዶ ሆኑ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የመገልበጫው ትእዛዝ እንደ ወትሮው ተነሥቶ ተንቀሳቃሹንም አራቆተው። ቅዳሜ ጧት እናትየው የባላቸውን ድምፅ ለመስማት ቴሌቪዥኑን ሲከፍቱ ፎቶግራፉ ብቻ ቀርቶ ነበር።

የድሬዳዋው ዲስክ ከሦስት ወር በፊት የተላከ ነበር። በሳምንቱ መጨረሻ በባቡር ሲደርስ 37 ደብዳቤዎች በደኅና ተገኙበት። በኋላ ከተቀረጹት ከሦስቱ የሁለቱ ካሴት እንደገና ተጫወተ። የ39ኛው ካሴት ክር ግን አስቀድሞ፣ በተቀረጸበት ዕለት ሲያልቅ ተቆርጦ ተበጣጥሶ ስለነበረ፣ ልጁ «ፋይሉ አለ» ብሎ ጥሎት ነበር። ምን እንደጠፋ በእርግጥ ለማወቅ የተቻለው በእናቱ ምክር ከተጻፈው ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ በወረቀት ላይም ታትሞ ይገኝ ነበርና።

ከዚህ በኋላ ልጁ አሠራሩን ለወጠ። ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ያስታወቀውን፣ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱም ከቤት ውጭ የሚለውን ደንብ ያዘ። የሌሊቱ ግልበጣ የትናንቱን በዛሬው የሚደመስስ ሳይሆን፣ የ7 ቀናትን፣ የ4 ሳምንታትንና የ12 ወራትን መልክ ለየብቻ የሚያስቀር እንዲሆን አደረገ። ተንቀሳቃሹን ዲስክ ግልበጣው ካለቀ በኋላ እየነቀለ በመሳቢያ ይቈልፍበታል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 መግቢያ ላይ «ዴድቦልት» የተባለ የወንጀለኞች ሶፍትዌር በዓለም ዙሪያ ከኢንተርኔት ጋር በቀጥታ በተያያዙ ብዙ የቤት ማሽኖች ላይ ፋይሉን ሁሉ ቈልፎ ገንዘብ ጠይቋል። ያልተሰካ ዲስክ አይቈለፍም።

የራሱን የጄሊፊንንም መዝገብ፣ ማለት የተጠቃሚዎችን ስምና በእጅ የተጻፈውን መግለጫ፣ አገልግሎቱን ለጥቂት ደቂቃ አቁሞ ይገለብጣል፤ በሚሠራበት ጊዜ የተገለበጠ መዝገብ ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ ሊሆን ይችላልና። ለእያንዳንዱ ፋይል የቁጥር አሻራ ይወሰዳል፤ አንዲት ቢት ብትለወጥ አሻራው ይለወጣል። የድሬዳዋው ዲስክ በይለፍ ቃል ተመስጥሯል፤ ቃሉም በወረቀት ተጽፎ በታሸገ ፖስታ ከዲስኩ ተለይቶ ተቀምጧል፤ ቃሉ የጠፋበት ዲስክ ለባለቤቱም ለሌባውም እኩል ዝግ ነውና።

ቅጂውን በኢንተርኔት ወደ ሩቅ ሀገር መላክ ለምን አልተመረጠም ይባል ይሆናል። ይቻላል፤ መልካምም ነው። ነገር ግን በየካቲት ወር እ.ኤ.አ. በ2024 ሩቢማር የተባለችው መርከብ በሚሳይል ተመትታ መልሕቋን እየጎተተች ስትንሳፈፍ፣ በቀይ ባሕር ወለል ላይ በርከት ያሉ የመገናኛ ገመዶች ተቆርጠዋል፤ የቆረጣቸውም ያው መልሕቅ እንደሆነ ይታመናል። በጅቡቲ የሚኖር ሰው የሚያምነው ገመዱንም ባቡሩንም ነው።

በየሦስት ወሩ ልጁ ከቅጂዎቹ አንዱን ደብዳቤ መርጦ ወደ ባዶ ማሽን ይመልስና ከእናቱ ጋር ያደምጠዋል። ሳይፈተን የቆየ ቅጂ መኖሩ የሚታወቀው በተስፋ ብቻ ነው።

አንድ ማታ እንዲህ ሲያደምጡ እናትየው «ሠላሳ ዘጠነኛውን እኔ አውቀዋለሁ» አሉ። «የአዋሽ ድልድይ ላይ ባቡሩ ቆሞባቸው ያደሩበትን ለእናቱ የነገረበት ነው። ስንት ጊዜ አስደግሜዋለሁ።» ልጁ ማይክሮፎኑን አምጥቶ ከፊታቸው አኖረ። እርሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ባላቸው እንደሚጀምረው «እንደምን ከርመሻል እናቴ» ብለው ጀመሩ። ፋይሉ በማኅደሩ ውስጥ «39፤ በእናት አንደበት» ተብሎ ተመዝግቧል።

የቃላት ፍቺ

ማኅደር፦ መጽሐፍ፣ ድምፅ ወይም መረጃ ተጠብቆ የሚኖርበት ስፍራ።
መጋቢ፦ ንብረት ጠብቆ የሚያድል፣ አስተዳዳሪ።
አራቆተ፦ ባዶ አስቀረ።
መሰጠረ፦ ሌላ እንዳያነበው በምሥጢር ጽሑፍ ለወጠ።

ጥያቄዎች

1. የሐርጌሳ ሬዲዮ ሠራተኞች የፈጸሙትና ልጁ ከስሕተቱ በኋላ የያዘው ደንብ በምን ይመሳሰላሉ?
2. ሁለቱ የማሽኑ ዲስኮች የተሰረዘውን መዝገብ ለምን ሊያድኑት አልቻሉም? በምንባቡ ውስጥ ያለውን ምሳሌ ጠቅሳችሁ አስረዱ።
3. እናትየው «ቁጥር ምን ያደርጋል?» ያሉበት ምክንያት ምንድን ነው? ምክራቸው በኋላ በምን ረገድ ጠቀመ?
4. «ጉምሩክ የሌለው ወደብ» የሚለው አነጋገር በምንባቡ ውስጥ ምን ለማለት የገባ ነው?
5. በቤታችሁ ወይም በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ የድምፅ፣ የፎቶግራፍ ወይም የጽሑፍ ቅርስ መርጣችሁ፣ ከምን ከምን አደጋ መጠበቅ እንዳለበትና እንዴት ሊጠበቅ እንደሚችል በሁለት አንቀጽ ጻፉ።